የወተት ልማት ከመኖ፣ መኖም ከአፈርና ከውሃ ይጀምራል፦ የክልል ፕሮጀክቶች ተሞክሮ ሲመዘን

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የወተት፣ የዶሮ፣ የዕንቁላል፣ የማርና የዓሣ ምርትን በቤተሰብ ደረጃ ለማሳደግ ያለመ ሀገራዊ ንቅናቄ መሆኑ ይታወቃል። ንቅናቄውን ተከትሎ በየክልሉ ዝርያቸው የተሻሻለ ጊደሮችን ለማግኘት፣ የሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት ለመጠቀምና በወተት ሥራ ለመደራጀት የሚቀርበው ጥያቄ እያደገ መጥቷል። ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው በአብዛኛው የሚጀምረው ከላሟ ነው። ላሟ ምን ትበላለች፣ መኖው በየትኛው መሬት ላይ ይበቅላል፣ በበጋስ በምን ውሃ ለምልሞ ይቆያል የሚሉት ጉዳዮች የሚነሡት ብዙውን ጊዜ ጊደሯ በረት ከገባች በኋላ ነው። ባለፉት አሥርተ ዓመታት በልዩ ልዩ ክልሎች የተካሄዱ የወተትና የመኖ ልማት ፕሮጀክቶች ተሞክሮ ሲመረመር ግን የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ሊሆን እንደሚገባ ያመለክታል።

የችግሩ ስፋት

ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት ያላት ሀገር ናት። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ የሚበዙት ሀገር በቀል ዝርያዎች ሲሆኑ፣ በሀገር አቀፍ የግብርና ናሙና ጥናቶች መሠረት አንዲት ሀገር በቀል ጥገት በአማካይ በቀን የምትሰጠው ወተት 1.5 ሊትር ገደማ ነው። የወተቱ ማነስ አንዱ ምክንያት ዝርያው መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በዝርያዋ አሥር ሊትር መስጠት የምትችል ላም እንኳ በጭድ ብቻ ከተያዘች የምትሰጠው ከሀገር በቀሏ ላም ብዙም የማይርቅ ይሆናል፤ የሰውነቷን ክብደት ትቀንሳለች፣ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ይዘገያል፣ በአንድ ጥጃና በሌላው መካከል ያለው ጊዜም ይረዝማል። ሀገር በቀሏ ላም ለድርቅና ለመኖ እጥረት የለመደች በመሆኗ ክፉውን ጊዜ ልታልፈው ትችላለች፤ የተዳቀለችዋ ግን ለእንክብካቤ ጉድለት ይበልጥ የተጋለጠች ናት። በመሆኑም መኖ ሳይዘጋጅ የሚገባ የተሻሻለ ዝርያ ለቤተሰቡ ሀብት ከመሆን ይልቅ ሸክም ሊሆን ይችላል፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ያኔ በረት ባለች ላም ላይ ይፈጸማል።

የእነዚሁ ናሙና ጥናቶች ውጤት እንደሚያሳየው ከሀገሪቱ የእንስሳት መኖ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከግጦሽ፣ ሲሶ የሚጠጋው ደግሞ ከሰብል ተረፈ ምርት የሚገኝ ነው። ሆን ተብሎ የሚለማው የተሻሻለ መኖ ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የግጦሽ መሬቱ በእርሻ መስፋፋት ምክንያት ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው፤ የቀረውም ቢሆን ከአቅሙ በላይ ስለሚጋጥ ተራቁቶ ለጎርፍ ይጋለጣል። የስንዴና የገብስ ጭድ ደግሞ ሆድ ቢሞላም በፕሮቲን ይዘቱ ዝቅተኛ ነው። በከብት ጨጓራ ውስጥ መኖን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት በአግባቡ እንዲሠሩ የመኖው ፕሮቲን ቢያንስ 7 በመቶ መሆን ሲኖርበት፣ የጭድ ይዘት ግን በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ ጭድ ብቻ የምትመገብ ላም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

የመኖ እጥረት ከአፈርና ከውሃ ችግር ተለይቶ የሚታይ አይደለም። መኖ ሲጠፋ ከብቱ ተዳፋት ላይ ይሰማራል፤ ተዳፋቱ ሲራቆት አፈሩ ይታጠባል፤ አፈሩ ሲታጠብ ዝናቡ ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ በጎርፍ ይሄዳል፤ ምንጩ ሲደርቅ ደግሞ ሰብሉም ሣሩም ያንሳል። ችግሩ በዚህ መልኩ የሚዞር ከሆነ መፍትሔውም ከእነዚህ ነገሮች አንዱን ብቻ ነጥሎ ሊገኝ አይችልም።

ከቀደምት ፕሮጀክቶች የተገኘ ትምህርት

በወተት ልማት ላይ ያተኮሩ የአካባቢ ፕሮጀክቶች በሀገራችን አዲስ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአርሲ አሰላ ላይ የተመሠረተው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የተዳቀሉ ጊደሮችን ለአርሶ አደሮች ሲያሠራጭ የመኖ ሰብሎችንም አብሮ አስተዋውቋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው አራተኛው የእንስሳት ሀብት ልማት ፕሮጀክት ደግሞ መኖን ከሰብል ጋር ሳያጣሉ ማልማት የሚቻልባቸውን ስልቶች በስፋት ሞክሯል። የጓሮ መኖ፣ በሰብል ሥር የሚዘራ መኖ፣ በእርከን ላይ የሚተከል ሣርና ከንክኪ በተከለለ መሬት ላይ የሚለማ መኖ ዛሬም የኤክስቴንሽን ሥራው መሠረት ሆነው የቀጠሉ ናቸው።

ከዚያ ወዲህም በርካታ ሥራዎች ተከናውነዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው ላይቭስ የተሰኘው ፕሮጀክት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል የእንስሳት ልማትን ከመስኖ ጋር ያስተሳሰረ ነበር። በዚያው ዓመት የተጀመረው አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው የምርምር መርሐ ግብር ደግሞ በባሶና ወራና፣ በሲናና፣ በሌሞና በእንዳመኾኒ ወረዳዎች ከአርሶ አደሮች ጋር የመኖ፣ የአፈርና የውሃ አያያዝ ሙከራዎችን አካሂዷል። በዓለም ባንክ የ170 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተደገፈው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ዘርፍ ልማት ፕሮጀክትም እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ጸድቆ ወደ ሥራ ገብቷል።

እነዚህ ሥራዎች በገንዘብ ምንጫቸውና በአሠራራቸው ቢለያዩም ከሁሉም የሚገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። ፕሮጀክቱ ካበቃ በኋላ በአርሶ አደሩ ዘንድ ጸንቶ የሚቀረው መኖ ከምግብ ሰብል ጋር መሬት የማይሻማ፣ ዘሩን ወይም ተከላውን አርሶ አደሩ ራሱ ማባዛት የሚችለውና ከወተት በተጨማሪ ሌላ ጥቅም የሚሰጥ ነው። በአንጻሩ በየዓመቱ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚታደል ዘር የሚጠይቅ መኖ ዕደላው ሲቆም አብሮ ይቆማል።

አፈርን የሚጠብቅ መኖ

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ደሾ ሣር ነው። ደሾ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሀገር በቀል ሣር ሲሆን፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ በተለይም በጨንቻ አካባቢ፣ አርሶ አደሩ አፈሩን ከጎርፍ ለመጠበቅና ከብቱን ለመመገብ ሲጠቀምበት ቆይቷል። የምርምርና የልማት ተቋማት የሠሩት ይህንኑ የአካባቢ ዕውቀት ወደ ሌሎች ክልሎች ማስፋፋት ነው። ደሾ ሥሩ ተገንጥሎ ስለሚተከል ዘር መግዛት አያስፈልግም፤ አንዱ ገበሬ ከተከለው ለሌላው መስጠት ይቻላል። ሥሩ አፈርን አጥብቆ ይይዛል፣ ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ለመጀመሪያ አጨዳ ይደርሳል፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ደጋግሞ ይታጨዳል።

በየዓመቱ በበጋው ወራት በሕዝብ ንቅናቄ የሚሠራው የተፋሰስ ልማት ከዚህ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በጥርና በየካቲት የሚሠራ እርከን በአፈርና በድንጋይ ብቻ ከቀረ ክረምቱ ሲገባ የሚናድ፣ ከብት ሲረግጠው የሚፈርስ ነው። በሰኔና በሐምሌ ሣር ከተተከለበት ግን እርከኑ ይጠነክራል፤ ሣሩም ለመኖ ይታጨዳል። ብዙ አርሶ አደሮች እርከን «መሬት ይወስዳል» በማለት ቅሬታ ሲያቀርቡ ይሰማል። ሣር የሌለው እርከን በርግጥም መሬት ይወስዳል፤ ሣር የተተከለበት እርከን ግን የወሰደውን መሬት በመኖ ይመልሳል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ይልቁንም ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል የደነገገው በዚሁ መነሻ ነው። መኖ ለተዳፋት መሬት የተተወ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ተዳፋቱን ከነአፈሩ ለማቆየት ከሚያስችሉት ጥቂት አማራጮች አንዱ ነው።

መኖን ከአፈሩ ጋር ማዛመድ

ሁሉም መኖ በሁሉም አፈር ላይ አይበቅልም። ከሀገሪቱ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ ሲሆን፣ አልፋልፋ በእንዲህ ዓይነት አፈር ላይ ያለ ኖራ ሲዘራ ብዙ ጊዜ ሳይጸና ይቀራል። ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ በአንጻሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋና በመጠኑ አሲዳማ በሆነ አፈር ላይ ይስማማዋል፤ ነገር ግን ውሃ በሚተኛበት መረሬ መሬት ይደርቃል። የዝሆኔ ሣር በወይና ደጋና በቆላ፣ እርጥበትና ፍግ ባገኘ የጓሮ መሬት ላይ ከፍተኛ ምርት ሲሰጥ፣ ውርጭ በሚበዛበት ደጋ ግን ይጎዳል። ለደጋው የሚስማማው አጃና ቬች ተደባልቀው የሚዘሩት መኖ ነው፤ አጃው ጉልበት ሰጪ ሲሆን ቬቹ ፕሮቲን ይጨምርበታል፣ አፈሩንም በናይትሮጅን ያበለጽጋል። በቆሎ አብቃይ በሆኑ አካባቢዎች በቆሎው ከበቀለ ከሳምንታት በኋላ በመስመሮቹ መካከል ላብላብ መዝራት ተጨማሪ መሬት ሳይጠይቅ አገዳውን የተሻለ መኖ ያደርገዋል።

ስለዚህ የመኖ ዘር ከመውሰድ በፊት የአካባቢውን ከፍታ፣ የአፈሩን ዓይነትና የውሃ አያያዙን ለባለሙያ ማስረዳት ለይስሙላ የሚደረግ ነገር አይደለም። በአንድ ወረዳ የተሳካውን መኖ እንዳለ ወደ ሌላው ማዛወር የቀደሙ ፕሮጀክቶች ደጋግመው ዋጋ የከፈሉበት ስሕተት ነው።

አፈር ከከብቱ የሚመለስለት ነገርም አለ። በብዙ የደጋ አካባቢዎች ፍግ ለማገዶ ኩበት ሆኖ ስለሚቃጠል ወደ ማሳ አይመለስም፤ በዚህም ምክንያት መሬቱ በየዓመቱ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ መርሐ ግብር በዚህ ረገድ ያለው ፋይዳ ከማብሰያ ጋዝ የዘለለ ነው። ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ማዳበሪያነቱን እንደያዘ ስለሚቆይ ለጓሮ መኖና ለአትክልት ይውላል። ሁለት ወይም ሦስት ላም በረት ውስጥ አስሮ የሚመግብ ቤተሰብ ፍጉ በአንድ ቦታ ስለሚከማችለት ለባዮጋዝም ሆነ ለኮምፖስት ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው።

ውሃ፦ ከሚጠጣው ይልቅ የሚበላው ይበልጣል

ከወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አንዲት የተዳቀለች ጥገት እንደ ወተቷ መጠን፣ እንደ መኖዋ ድርቀትና እንደ አየሩ ሙቀት በቀን ከ40 እስከ 80 ሊትር ውሃ ልትጠጣ ትችላለች። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሩቅ ወንዝ ወርዳ የምትጠጣ ላም ግን የሚያስፈልጋትን ያህል አትጠጣም፤ በመንገድም ጉልበቷን ትጨርሳለች። ውሃን ወደ በረት ማምጣት ያለ ተጨማሪ መኖ ወተትን ከሚያሳድጉ ጥቂት እርምጃዎች አንዱ ነው።

የጣራ ውሃ በዚህ ረገድ በቀላሉ ሊሰላ የሚችል ሀብት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሰጣል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ አካባቢ የሚኖር ከሆነ፣ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ 32,000 ሊትር ውሃ ይሰበስባል። በቀን 60 ሊትር ለምትጠጣ ላም ይህ ከዓመት በላይ የሚበቃ ነው። ችግሩ ዝናቡ ሳይሆን ማጠራቀሚያው ነው፤ 5,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ብቻ ያለው ቤተሰብ ክረምቱ ካበቃ በኋላ የሚቆይለት ውሃ ለ83 ቀናት ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም የውሃ ማቆር ድጋፍ ሲጠየቅ ስንት ቀን ያደርሳል የሚለው ስሌት አስቀድሞ ሊሠራ ይገባል።

ይሁን እንጂ ላም ከምትጠጣው ውሃ ይልቅ የምትበላውን መኖ ለማብቀል የሚያስፈልገው ውሃ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በወተት ልማት የውሃ አጠቃቀምን ማሻሻል ማለት በዋናነት ለመኖ የሚውለውን ውሃ በአግባቡ መጠቀም ማለት ነው። በሀድያ ዞን ሌሞ ወረዳና በባሕር ዳር ዙሪያ በሮቢት ባታ ቀበሌ የተካሄዱ ሙከራዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች አርሶ አደሮች ጥልቀት ከሌላቸው ጉድጓዶች በገመድ ፓምፕና በመሰል ቀላል መሣሪያዎች ውሃ እየሳቡ በትንሽ የጓሮ መሬት ላይ መኖ በበጋ አልምተዋል። የሙከራዎቹ ዋና ቁም ነገር የመሬቱ ስፋት አልነበረም፤ ለምለም መኖ ፈጽሞ በማይገኝበት ወቅት በቀን ጥቂት ሸክም ለምለም ሣር ከጭድ ጋር መደባለቅ መቻሉ ነው።

እዚህ ላይ ግልጽ ሊሆን የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። የመስኖ ውሃ ባለበት ቦታ ሁሉ መኖ ከአትክልት፣ ከጫትና ከጌሾ ጋር ይወዳደራል፤ እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው ፈጣን ገንዘብ ያስገኛሉ። መኖ በመስኖ የሚያዋጣው ወተቱን በቅርብ የሚገዛ ገበያ ሲኖር ነው። የወተት ሰብሳቢ ማኅበር ወይም ከተማ በሌለበት ቀበሌ የመኖ መስኖ ማስፋፋት አርሶ አደሩን ለኪሳራ ሊዳርገው ይችላል። እንዲህ ባለው ቦታ ክረምቱን ጠብቆ መኖን አምርቶ ማቆየት የተሻለ አማራጭ ነው።

የተገኘውን መኖ ማቆየት

በብዙ አካባቢ የመኖ እጥረት የሚባለው በከፊል የወቅት ጉዳይ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሣር ተትረፍርፎ ይረገጣል፤ በየካቲትና በመጋቢት ከብቱ ይከሳል። ሣር ለድርቆሽ መታጨድ ያለበት ግማሽ ያህሉ ሲያብብ ቢሆንም፣ ብዙ አርሶ አደር የሰብል ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ያቆየዋል። በዚህ ጊዜ ክምሩ ይተልቃል፤ ፕሮቲኑ ግን ቀንሷል። እርጥበት በሚበዛበት ወቅት ማድረቅ ካልተቻለ ደግሞ በቆሎን ወይም የዝሆኔ ሣርን ቆራርጦ፣ ጠቅጥቆና አየር እንዳይገባው አሽጎ በሳይሌጅ መልክ ማቆየት ይቻላል።

የስንዴና የገብስ ጭድን በዩሪያ ማከምም ለረጅም ጊዜ የተፈተነ ዘዴ ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ በሚገባ ተሟሙቶ ይረጫል፤ ከዚያም አየር ሳይገባው ለ21 ቀናት ታሽጎ ይቆያል። ከመሰጠቱ በፊት ሽታው እስኪወጣ መናፈስ ይኖርበታል፤ ከስድስት ወር በታች ለሆኑ ጥጆች አይሰጥም። የዩሪያውን ውሃ ከብት ከጠጣው ለሞት ስለሚዳርግ የመጀመሪያው ዝግጅት በባለሙያ ክትትል ሊደረግ ይገባል።

ልቅ ግጦሽ፣ የጋራ መሬትና የቤተሰብ ጉልበት

አንድ አርሶ አደር ብቻውን በእርከኑ ላይ የተከለው ሣር ሰብል እንደተነሣ በሚለቀቅ የጎረቤት ከብት ይጠፋል። ስለሆነም የመኖ ልማት ከቴክኒክ ጉዳይነቱ ባሻገር የማኅበረሰብ ስምምነት ጉዳይ ነው። በትግራይ ክልል የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት ያገኘው በተራቆተ ተፋሰሱ ላይ ባከናወነው ሥራ ነበር። በእንዲህ ያሉ ተፋሰሶች የተከለለው መሬት ሣር አብቅሎ ነዋሪው አጭዶ ወደ በረት እንዲወስድ ይደረጋል፤ ከጊዜ በኋላም የጉድጓድ ውሃ ከፍ ይላል። ይህ የሚሆነው ሣሩን ማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚያጭድ፣ ደንብ የጣሰ ምን እንደሚከፍል ነዋሪው ራሱ ሲወስን ነው። የጋራ መሬት ሲከለል ይበልጥ የሚጎዱት የራሳቸው የመኖ መሬት የሌላቸው ቤተሰቦችና ሥራ አጥ ወጣቶች በመሆናቸው ከአጨዳው ድርሻቸው በደንቡ ላይ በግልጽ ሊሠፍር ይገባል።

በቤተሰብ ውስጥም የሥራ ክፍፍሉ ይለወጣል። ከብት ከመስክ ወደ በረት ሲገባ እረኛ የነበሩ ልጆች ትምህርት ቤት የመሄድ ዕድላቸው ይሰፋል፤ ሣር የማጨድ፣ ውሃ የመቅዳትና በረት የማጽዳት ሥራ ግን በአብዛኛው በሴቶች ላይ ይጨመራል። መኖው ከቤት ሲርቅ ይህ ጫና ይከብዳል። የጓሮ መኖ ተመራጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሥልጠናውም በቤተሰቡ አባወራ ብቻ ሊወሰን አይገባም፤ ላሟን በየዕለቱ የምትመግበውና የምታልበው እናት በሥልጠናው ካልተገኘች ዕውቀቱ በረት አይደርስም።

የወተት ገበያና የጾም ወራት

የወተት ዋጋ በዓመቱ ውስጥ እኩል አይደለም። በዐቢይ ጾም ወራት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ወተት ስለማይጠጡ ፍላጎቱ በእጅጉ ይቀንሳል። እነዚሁ ወራት መኖ የሚወደድባቸው የበጋ ወራት ናቸው። ፉርሽካና ፋጉሎ በከፍተኛ ዋጋ ገዝቶ ወተቱን በርካሽ የሚሸጥ አርሶ አደር በዚህ ጊዜ ያተረፈውን ያጣል። ወተቱን ወደ ቅቤ ለውጦ እስከ ትንሣኤ ማቆየት፣ ላሞቹ የሚወልዱበትን ጊዜ በማዳቀል ወቅት ማስተካከልና ከሁሉ በላይ በቤት የለማ መኖን ለእነዚህ ወራት ማቆየት ኪሳራውን ይቀንሳሉ። በገንዘብ የሚገዛው መኖ በቤት ከለማው መኖ ጋር ያለው ልዩነት በጣም የሚታየው በጾም ወራት ነው።

መለኪያው ምን ሊሆን ይገባል?

የፕሮጀክቶች ሪፖርት ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በተሠራጩ ጊደሮች፣ በተሰጡ ሥልጠናዎችና በታደለ ዘር ብዛት ነው። እነዚህ የተሠራውን ያሳያሉ እንጂ የቀረውን አያሳዩም። የተሻለው መለኪያ አንድ ቤተሰብ በዓመት ውስጥ ያለ ግዢ ከብቱን ሊመግብ የሚችልባቸው ወራት ብዛት ነው። 400 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ ያህል፣ ማለትም 12 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። ለስድስት የበጋ ወራት ሲሰላ 2,160 ኪሎ ግራም ይሆናል። ግማሹ ከጭድና ከአገዳ ቢገኝ እንኳ 1,080 ኪሎ ግራም ከተሻለ መኖ መምጣት አለበት። ይህን መጠን ከእርከኑ፣ ከጓሮውና ከድርቆሽ ክምሩ ሊያገኝ የማይችል ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ላም ሊይዝ አይችልም፤ ሁለት ላም ከያዘ ደግሞ የሁለቱም ወተት ይቀንሳል። በዚህ ስሌት አንዳንዱ ቤተሰብ የሚደርስበት ትክክለኛ ውሳኔ ጊደር መጨመር ሳይሆን ያሉትን ዝቅተኛ ምርታማ ከብቶች ቀንሶ የቀሩትን በሚገባ መመገብ ይሆናል።

አገልግሎት ለማግኘት

የመኖ፣ የአፈርና የውሃ ድጋፍ የሚፈልግ አርሶ አደር መነሻው የሚኖርበት ቀበሌ የልማት ጣቢያ ነው። በጣቢያው የእንስሳት፣ የሰብልና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች ስለሚመደቡ የመኖ ጉዳይ ሦስቱንም እንደሚመለከት አውቆ ምክራቸውን በአንድነት መጠየቅ ይጠቅማል። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት የደሾ ሥር፣ የዝሆኔ ሣር ቁራጭና የመኖ ዛፍ ችግኝ ሊያባዙ የሚችሉ በመሆናቸው የአካባቢው ማዕከል ይህን የሚሠራ ከሆነ ተከላውን ከሰኔ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በማዕከሉ ከሌለ ቀድሞ ከተከለ ጎረቤት ማግኘት ይቻላል። የአፈር አሲዳማነት ምርመራና የኖራ አቅርቦት፣ የሰው ሠራሽ ማዳቀል፣ የውሃ ማቆርና የባዮጋዝ ድጋፍ ጥያቄዎች በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በሚመለከታቸው የወረዳ መሥሪያ ቤቶች በኩል ይስተናገዳሉ።

አመልካቾች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄዳቸው በፊት አራት ነገሮችን ቢያዘጋጁ ጥያቄያቸው በቀላሉ ሊታይ ይችላል። እነዚህም የከብቶቻቸው ብዛትና ዓይነት፣ መኖ የሚያልቅባቸው ወራት፣ ለመኖ ሊውል የሚችለው የእርከን፣ የጓሮና የጠርዝ መሬት እንዲሁም በበጋ የሚገኘው የውሃ ምንጭና ርቀቱ ናቸው። የእነዚህ መልስ የሚያሳየው ጉድለት መኖ ከሆነ የመጀመሪያው ማመልከቻ ለጊደር ሳይሆን ለተከላና ለዘር መሆን ይኖርበታል። በጥር የተሠራ እርከን በሐምሌ ሣር ተተክሎበት፣ ሣሩ በጥቅምት ታጭዶና ደርቆ በበጋ በረት ሲደርስ፣ ቀጥሎ የምትመጣው ጊደር የምትበላውን አግኝታ ትገባለች።